የዱር አይጥ ላይ ሀንታቫይረስ እንዴት ይፈተሻል

አይጧ ታማ አትታይም፣ ይሄን መጀመሪያ ልንገራችሁ ምክንያቱም ብዙ ጀማሪ የከሳች የደከመች አይጥ ሲፈልግ ነው የሚውለው። ሀንታቫይረስ (ከአይጥ ወደ ሰው በትንፋሽ ሊገባ የሚችል ቫይረስ) ያለባት አይጥ ትበላለች ትሮጣለች ትወልዳለች፣ ቫይረሱን ግን በሽንቷ በካካዋ በምራቋ ትረጨዋለች። ስለዚህ ደም ካልተወሰደ ሰርቬይ የለም። እኛ አገር የለም ደግሞ እንዳትሉ፣ በ2012 በፈረንጆች ትግራይ ቫይረስ የተባለው ሀንታቫይረስ ሪፖርት የተደረገው ከደጋዋ እግረ ነጭ አይጥ ነው።

ፈቃዱን ጨርሳችሁ፣ የማሳውን ባለቤትም አስፈቅዳችሁ ግቡ። ሸርማን የሚባለው የአሉሚኒየም ሳጥን ወጥመድ በህይወት ይይዛል። የኦቾሎኒ ቅቤ ከአጃ ጋር ለውሱና ውስጡ አድርጉ፣ ደጋ ከሆነ ጥጥም ጨምሩ አለዚያ ጠዋት በብርድ የሞተች ነው የምታገኙት። ካብ ስር፣ አጥር ጥግ፣ ማሳ ዳር በየ10 ሜትሩ ሲመሽ አጥምዱ፣ ፀሀይ ሳይበረታ ሰብስቡ። እቃው ስለሚያብረቀርቅ እረኞች ያነሱታል፣ ቀድማችሁ አስረዷቸው። 50 ወጥመድ 3 ሌሊት ካደረ 150 የወጥመድ ሌሊት ብላችሁ መዝግቡ፣ ያለሱ አንዱን ቦታ ከሌላው ማወዳደር አይቻልም።

አሁን አደገኛው ክፍል። የተዘጋ ወጥመድ ሁሉ ቫይረስ አለበት ብላችሁ ነው የምትይዙት። ድርብ ጓንት፣ መነፅር፣ ፊት ላይ ልክ የገጠመ ኤን 95 ማስክ (የጨርቁ አይሆንም)። መኪና ውስጥም ቤት ውስጥም እንዳትከፍቱ፣ ደጅ ላይ ነፋሱ ከጀርባችሁ ሆኖ። ወጥመዱን በላስቲክ ከረጢት አፍ ላይ ገልብጣችሁ አይጧን ወደ ከረጢቱ፣ ከዛ ማደንዘዣ። ክብደት፣ ፆታ፣ የጭራ የኋላ እግርና የጆሮ ርዝመት ይለካል፣ ደሙ ፊልተር ፔፐር (ፈሳሽ የሚመጥ ወረቀት) ላይ ጠብ ተደርጎ ይደርቃል። ይሄን ያልሰለጠነ ሰው አይንካው። የንክሻ ጠባሳ ካለም ፃፉ፣ ወንዶቹ ሲናከሱ ስለሚተላለፍ ትልልቅ ወንዶች ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚገኘው።

ወጥመዱን 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ውስጥ ቢያንስ 5 ደቂቃ ዘፍዝፉ።

ላብራቶሪ ላይ ኤላይዛ በሚባል የደም ምርመራ አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሰራው) ይታያል። ግልገሎች ግን ከእናታቸው የወረሱት አንቲቦዲ ሊኖራቸው ይችላል፣ ስለዚህ ፖዘቲቭ ስለሆነች ብቻ ተይዛለች አትበሉ፣ ቫይረሱን ራሱን ከፈለጋችሁ ከሳንባ ናሙና በፒሲአር (የቫይረሱን ጂን በሚፈልግ ምርመራ) ነው።

ከስራው በኋላ እስከ 8 ሳምንት ድረስ ከቡድኑ አንዱ ትኩሳት ከያዘው ወባ ነው ብሎ አይቀመጥ፣ ሄዶ አይጥ ስነካ ነበር ብሎ ለሀኪሙ ይንገር።