ቁጥሩ የማን ነው? የመድኃኒት ተሸካሚ ሲፈተሽ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሊፖሶምም (ከስብ የተሠራ በጣም ጥቃቅን አረፋ) ይሁን የፖሊመር ናኖፓርቲክል (ከፕላስቲክ መሰል ነገር የተሠራ ደቂቅ ቅንጣት)፣ መድኃኒት የሚሸከመውን ተሸካሚ መሥራት አንድ ነገር ነው። መሥራት አለመሥራቱን ማረጋገጥ ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው የሰጠንን ቁጥር የተሸካሚው ነው ብለን እንወስዳለን። ቁጥሩ ግን የከረጢቱ፣ የቀለሙ ወይም የደሙ ሊሆን ይችላል።

መጠኑን በውሃ ውስጥ ብቻ መለካት የመጀመሪያው ስህተት ነው። በንጹህ ውሃ 100 ናኖሜትር የነበረ ቅንጣት ደም ውስጥ ሲገባ ፕሮቲን ይለብሳል፣ አንዳንዴም እርስ በርሱ ይጣበቃል። ህዋሱ የሚያገኘው ያንን ፕሮቲን የለበሰውን ነው። ስለዚህ ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጥቂት ሰዓት አቆይታችሁ ድጋሚ ለኩ። ፕላዝማው ራሱም ብርሃን ስለሚበትን ባዶውን ፕላዝማ ለብቻው ለኩት።

ተሸካሚው መድኃኒቱን በምን ፍጥነት እንደሚለቅ የሚለካበት የዳያሊሲስ ከረጢት ላይ ግን ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ስህተቱ በጣም የተለመደ ነው። ከረጢቱ መድኃኒቱን የሚያሳልፉ፣ ተሸካሚውን ግን የማያሳልፉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ተሸካሚው ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ከረጢቱ ባፈር (አሲድነቱ የማይለዋወጥ ፈሳሽ) ውስጥ ይነከራል፣ በየሰዓቱ ከውጪው ባፈር ናሙና ይወሰዳል፣ ከዚያ ግራፉ ቀስ እያለ ሲወጣ «ተሸካሚው መድኃኒቱን በዝግታ ይለቃል» ተብሎ ይጻፋል። መድኃኒቱ ግን ያለፈው በሁለት በር ነው፤ አንዱ የተሸካሚው፣ ሌላው የከረጢቱ። የትኛው እንዳዘገየው ለማወቅ ነጻውን መድኃኒት፣ ያለ ተሸካሚ፣ በዚያው ዓይነት ከረጢት በዚያው መጠን አስገብታችሁ እዩ። ነጻው ራሱ ለመውጣት ስድስት ሰዓት ከፈጀበት፣ የእነዚያ ሰዓታት ግራፍ ስለ ተሸካሚው የሚነግራችሁ ብዙም የለም። የባፈሩ ማነስም እንደዚሁ ያሳስታል። በውሃ በቀላሉ የማይሟሟ መድኃኒት ከሆነ ባፈሩ ቶሎ ይጠግብና መድኃኒቱ መውጣቱን ያቆማል፤ ይሄ የተሸካሚው ችሎታ አይደለም። መድኃኒቱን በሙሉ ለማሟሟት ከሚበቃው ቢያንስ 3 እጥፍ ባፈር ተጠቀሙ። ናሙና ወስዳችሁ በአዲስ ባፈር ስትተኩም ያወጣችሁትን መድኃኒት ሒሳቡ ውስጥ መልሳችሁ ደምሩት።

ህዋስ ላይ ስትሞክሩ ባዶውን ተሸካሚ አትዝለሉት። ነጻው መድኃኒት፣ ባዶው ተሸካሚ፣ የተጫነው ተሸካሚ፣ እንዲሁም ባዶው ተሸካሚና ነጻው መድኃኒት ዝም ብለው የተቀላቀሉበት፣ አራቱም ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። ኤምቲቲ በሕይወት ያሉ ህዋሶችን በቀለም ለውጥ የሚያሳይ ፈተና ነው፤ አንዳንድ ቅንጣቶች ግን የኤምቲቲውን ቀለም ይመጥጣሉ ወይም ራሳቸው ቀለሙን ያመጡታል፤ ህዋስ በሌለበት የመሞከሪያ ሳህን ጉድጓድ ውስጥ ሞክሩና ታዩታላችሁ። ከበሽታ መከላከያ ህዋሶች ጋር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያ የሚመጣ መርዝ) መኖር አለመኖሩን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ አለዚያ ህዋሶቹ የተቆጡት በተሸካሚው ይሁን በብክለቱ አታውቁም።

ተሸካሚው የት እንደገባ ለማየት የሚለጠፍበት አብሪ ቀለምም ያታልላል። በማይክሮስኮፕ የምታዩት ብርሃን የቀለሙ ነው። ቀለሙ ከተሸካሚው ተላቆ ለብቻው ህዋስ ውስጥ ገብቶ ከሆነ፣ የሚያምረው ምስል ስለ ተሸካሚው ምንም አይናገርም። በቀለም ምልክት የተደረገበትን ተሸካሚ ሴረም (ከረጋ ደም የሚለይ ፈሳሽ) ውስጥ አቆዩት፣ ከዚያ ነጻ የወጣውን ቀለም ለይታችሁ ለኩ። ቀላል ሥራ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

አይጥ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል፣ የእንስሳት ሕይወትም አለበት። 20 ግራም የምትመዝን አይጥ ላይ 1 ግራም ዕጢ ማለት የክብደቷ 5 በመቶ ነው። በ70 ኪሎ ሰው ሲሰላ 3.5 ኪሎ ይሆናል። እንዲህ በፍጥነት ያደገ ዕጢ የደም ሥሮቹ ክፍተት ብዙ ነው፣ ስለዚህ ናኖፓርቲክል በቀላሉ ያስገባል፤ የሰው ዕጢ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ማትሱሙራና ማኤዳ ይህን ዕጢ ውስጥ የመሰብሰብ ክስተት በ1986 ከገለጹ ወዲህ ብዙ ተስፋ ተጥሎበታል። ይሁንና በ2016 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ዕጢ ጋር የሚደርሰው ከተወጋው መጠን በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ዕጢውን ብቻ ለክታችሁ አትቁሙ። ጉበትና ጣፊያን የግድ ለኩ፣ ቅንጣቶቹ በአብዛኛው የሚቀሩት እዚያ ነው። አካል ከማውጣታችሁ በፊትም ደሙን በሳላይን (የጨው ውሃ) እጠቡት፣ አለዚያ በደም ሥር ውስጥ የቀረውን «ዕጢ ውስጥ ገባ» ብላችሁ ትቆጥራላችሁ።

ደም ውስጥ ስትለኩ ጠቅላላ መድኃኒቱን ብቻ አታቅርቡ። ሊፖሶም ውስጥ የተዘጋው መድኃኒት ገና አልሠራም፤ የሚሠራው የተለቀቀው ነው። የተዘጋውን ከተለቀቀው ለዩ። አንድ ጊዜ ወግታችሁም አትቁሙ። በፖሊኢትሊን ግላይኮል (ቅንጣቱ ደም ውስጥ እንዲቆይ የሚለበጥበት ፖሊመር) የተሸፈነ ሊፖሶም የመጀመሪያው መርፌ አንቲቦዲ ሊያስነሳበት ይችላል፣ ከቀናት በኋላ ሁለተኛው ሲሰጥ ከደም በጣም በፍጥነት ይጠፋል። መድኃኒቱ ለታማሚ በተደጋጋሚ የሚሰጥ ከሆነ ሁለተኛውንም መርፌ በአይጧ ላይ ፈትሹ።