አሜሪካን ሳይረግጡ አሜሪካ ውስጥ ትንሽ ኮርፖሬሽን እንዴት ይመሠረታል?

ከሁሉም በፊት ፓስፖርታችሁን አውጡና አጠገባችሁ አስቀምጡት። በየቅጹ ላይ ስማችሁን የምትጽፉት እሱን እያያችሁ፣ ፊደል በፊደል ነው። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የኩባንያዬ ሰነዶች ላይ ስሜንና የአባቴን ስም ብቻ ጻፍኩ። የግብር ቁጥር መጠየቂያው ላይ ደግሞ የአያቴን ስም ጨመርኩ። ለእኛ ያው አንድ ሰው ነው። ባንኩ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ማመልከቻዬን መለሰው። ወረቀቱን አስተካክዬ እስክጨርስ ደንበኛዬ ክፍያዬን ይዞ ሁለት ወር ጠበቀኝ።

ቀጥሎ ግዛት መምረጥ ነው። እኔ ዴላዌርን መረጥኩ። የአሜሪካ ዜግነትም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም። እዚያው አድራሻ ያለው የተመዘገበ ወኪል፣ ማለትም የመንግሥትና የፍርድ ቤት ደብዳቤ በኩባንያችሁ ስም የሚቀበል፣ መያዝ ግን ግዴታ ነው። በዓመት ክፍያ የሚሠሩ ሞልተዋል፣ ዋጋ አወዳድሩ። ማኅተምና የሚያምር ማህደር ጨምረው ውድ ጥቅል የሚሸጡትን እለፏቸው፣ አያስፈልጋችሁም።

የአክሲዮን ብዛት የሚሞላበት ቦታ ላይ ቆም በሉ። ከኢንተርኔት የሚገኙ ብዙ ናሙናዎች 10 ሚሊዮን ይላሉ። እሱ ኢንቨስተር ለሚፈልግ ስታርታፕ ነው። እስከ 5,000 አክሲዮን ከሆነ የዴላዌር ዓመታዊ ግብር 175 ዶላር ነው፣ ከ50 ዶላር የሪፖርት ማስገቢያ ጋር። 10 ሚሊዮን ከጻፋችሁ ግን በአክሲዮን ብዛት በሚታሰበው በመደበኛው ስሌት ከ85,000 ዶላር በላይ ይመጣባችኋል። የኩባንያውን ሀብት በሚያየው በሌላኛው ስሌት ወደ 400 ዶላር ማውረድ ይቻላል፣ ግን መጀመሪያውኑ ለምን ትደነግጣላችሁ?

አስቸጋሪው የግብር ቁጥሩ ነው። ኢአይኤን ይባላል፣ እኛ ቲን እንደምንለው ለኩባንያ የሚሰጥ ነው። በድረ ገጽ ለመጠየቅ የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወይም የግል ግብር ቁጥር ይፈልጋል። እሱ ከሌላችሁ ኤስኤስ-4 የሚባለውን ቅጽ ሞልታችሁ ለአሜሪካ የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) በፋክስ ትልካላችሁ፣ ወይም ዋና ሥራችሁ ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ 267-941-1099 ላይ ትደውላላችሁ። እኔ ስልኩን እመርጣለሁ። ወረፋው ያሰለቻል እንጂ ቁጥሩን እዚያው ይነግሯችኋል። መስመሩ የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፣ በእነሱ ክረምት ደግሞ 8 ሰዓት። ቅጹ ላይ 7ለ የሚለውን ቦታ ባዶ አትተዉት፤ በእንግሊዝኛ «ፎሪን» ብላችሁ ጻፉ። ቁጥሩ በነፃ ነው የሚሰጠው።

ባንክ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። የምትኖሩበትን አገር ይቀበሉ እንደሆነ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት ጠይቁ።

«ኤስ ኮርፖሬሽን አድርገው፣ ግብር ይቀንሳል» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ኤስ የሚባለው የትርፉ ግብር በኩባንያው ሳይሆን በባለቤቶቹ ላይ የሚታሰብበት ነው። አሜሪካ ለማይኖር የውጭ ዜጋ ሕጉ አይፈቅድም። የእናንተ ሲ ኮርፖሬሽን ነው፣ ማለትም ግብሩን ራሱ ኩባንያው የሚከፍል፤ ከትርፉ 21 በመቶ ለፌዴራል መንግሥት ይከፍላል። ትርፍ ባይኖርም የኩባንያው የፌዴራል ግብር ማስታወቂያ፣ ቅጽ 1120፣ በየዓመቱ ይገባል። በእናንተና በኩባንያው መካከል ገንዘብ ከተንቀሳቀሰ፣ ለምሳሌ ብታበድሩት፣ ቅጽ 5472 አብሮ ይያያዛል። እሱን መርሳት 25,000 ዶላር ያስቀጣል፤ ለዚህች ቅጽ ስል የሒሳብ ባለሙያ እከፍላለሁ። የዴላዌሩ ግብርና ሪፖርት የመጨረሻ ቀን ማርች 1፣ የፌዴራሉ ቅጽ ደግሞ ኤፕሪል 15 ነው፤ ሁለቱንም ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ።