ታክስ ለማሠራት ከመክፈላችሁ በፊት

አሜሪካ ያላችሁ አነስተኛ ገቢ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከኮሌጆችና ከማኅበረሰብ ድርጅቶች ጋር ተባብሮ የሚያካሂደው ቪታ የተባለ ፕሮግራም ታክሳችሁን በነፃ ይሠራላችኋል። 1-800-906-9887 ደውሉና የሚቀርባችሁን ጠይቁ። የሁሉንም ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ መታወቂያ፣ ደብሊው-2 (አሠሪ የሚሰጠው የዓመቱ ደመወዝና የተቆረጠ ታክስ ማስረጃ)፣ የአምናውን ታክስ፣ የባንክ ራውቲንግና አካውንት ቁጥር ያዙ። ባልና ሚስት አብራችሁ የምትሞሉ ከሆነ ሁለታችሁም ሂዱ፤ አንዳችሁ ከቀራችሁ ፊርማ ይጎድላል።

ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ኮሌጅ ያለው ልጅ ከፓርት ታይም ሥራው የተቆረጠበትን ታክስ ለማስመለስ በስልኩ ቸኩሎ ይሞላና፣ ሌላ ሰው በጥገኝነት ሊያስመዘግበው እንደሚችል የሚገልጸውን ሳጥን ሳይነካ ያልፋል። ከዚያ ወላጆቹ በኢንተርኔት የላኩት ታክስ ውድቅ ሊሆን ይችላል፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጠውና በሺዎች ዶላር ሊቆጠር የሚችለው የታክስ ድጋፍ (ኢአይቲሲ)ም ሊዘገይ ይችላል። ሳጥኑ ላይ ምልክት ቢያደርግም የተቆረጠበትን ማስመለስ ይችላልና፣ ልጃችሁን ቀድማችሁ ንገሩት። ከላከ በኋላ ከሆነ በማረሚያው ቅጽ በ1040-ኤክስ ያርም።