ጋራዥና መጋዘን የነበረን ቦታ የቅርጻ ቅርጽ መናፈሻ ስናደርግ ልንሠራቸው የማይገቡ ስህተቶች

ከለገሀር ወደ ብሔራዊ ቴአትር በእግር በሄድኩ ቁጥር ልቤ እዚያ አካባቢ ይቀራል። በዚህች አጭር መንገድ ሁለት አንበሶች አሉ። አንዱ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ነው። ሌላው ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ ለንጉሡ 25ኛ ዓመት የንግሥ በዓል፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራው የድንጋይ አንበሳ ነው። በአካባቢው ደግሞ ሐዲድ፣ መጋዘንና ጋራዥ ሆነው ብዙ ዘመን ያገለገሉ ቦታዎች አሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ሰው የሚዝናናበት የቅርጻ ቅርጽ መናፈሻ ቢሆን ደስታዬ ነው። ግን ሥራው ሲታሰብ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ ሐሳቦች አሉ።

ትልቁ ስህተት ከመሬቱ በፊት ሐውልቱን ማሰብ ነው። «ሣር እናልብሰው፣ አበባ እንትከልበት፣ አለቀ» ይባላል። አላለቀም። ለዓመታት የተቃጠለ ዘይት፣ ናፍጣና የባትሪ አሲድ የጠጣ አፈር ሣር ስለለበሰ አይጸዳም። ክረምት ሲመጣ መርዙ ከዝናቡ ጋር ወደ ታች ይሰርጋል፣ ወደ ወንዝም ይወርዳል። ልጆች የሚንከባለሉትም እዚያው ሣር ላይ ነው።

የአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ያሳለፈችውን እንይ። ዛሬ የኦሊምፒክ የቅርጻ ቅርጽ መናፈሻ ያለበት ቦታ ዩኖካል የተባለው ኩባንያ ነዳጅ የሚያከማችበት ነበር። መናፈሻው እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ግን ከ120 ሺህ ቶን በላይ የተበከለ አፈር ተዝቆ ወጥቷል። በላዩም ንጹሕ አፈር ተደልድሏል። ብዙው አፈር የመጣው የከተማው የሥነ ጥበብ ሙዚየም መሀል ከተማ ያለውን ሕንፃውን ሊያስፋፋ ካስቆፈረው ጉድጓድ ነው። ይህን ሳነብ የእኛው ሲኖትራኮች ትዝ አሉኝ። በየሕንፃው ሥር የሚቆፈረው አፈር በየቀኑ ከከተማ ሲወጣ እናያለን። ንጹሕነቱ ተመርምሮ ለእንዲህ ያለ ሥራ ቢውል ምን ነበረበት?

ስለዚህ መጀመሪያ ከተለያየ ቦታና ጥልቀት የአፈር ናሙና ይወሰድ፤ ላቦራቶሪ ይግባ። ከዚያም በፊት እዚያ ግቢ ይሠሩ የነበሩ አባቶችን ጠይቁ። ዘይት የሚደፋው የት ነበር? የተቀበረ ታንከር አለ? ይህን ካርታ ላይ አታገኙትም። እነሱ ግን በጣታቸው ያሳዩአችኋል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ስህተት አለ። በአዲስ አበባ ብዙ ቦታ መሬቱ ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከባድ ቅርጽ በጥልቀት ባልወረደ መሠረት ላይ ካቆሙት፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ መቆሚያው ይሰነጠቃል ወይም ያዘማል። ዋልካውን አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ወይም መሠረቱን ጠንካራ መሬት ድረስ ማውረድ ያስፈልጋል። ቅርጹ ከመታዘዙ በፊት መሐንዲስ ይምጣ።

ሦስተኛው፣ የድሮውን ነገር ጠራርጎ ማጥፋት። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሲያትሎች በቦታቸው መሀል የሚያልፈውን ሐዲድና አስፋልት አላነሱም። ከላያቸው አሻግሮ የሚወስድ፣ እየተጠማዘዘ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚወርድ የእግር መንገድ ሠሩ። ባቡሩ ዛሬም ከሥር ያልፋል። በጀርመን ዱይስቡርግም የተዘጋ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ከነምድጃዎቹ መናፈሻ ሆኗል። የለገሀር ሐዲድ ደግሞ ከጅቡቲ አዲስ አበባን ያገናኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 እዚህ የደረሰ ነው። አንድ ቁራጭ ሐዲድ፣ አንድ አሮጌ ፉርጎ ባለበት ቢቀመጥ ከብዙ አዲስ ሐውልት ይልቅ ይናገራል። ብረቱን ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ለቀራፂዎች አሳዩት።

አራተኛው የአደባባይ ልማዳችን ነው። ሐውልት ስንል መኪና የሚዞረው መሀል መንገድ ላይ የቆመ ነገር ይታየናል። የመናፈሻ ቅርጽ ግን በእግር የሚዞሩት፣ አንዳንዴም ውስጡ የሚገቡበት ነው። ሲያትል ያለው የአሜሪካዊው ቀራፂ የሪቻርድ ሴራ ሥራ ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ጠምዛዛ የብረት ግድግዳዎች ነው። በመሀላቸው ካልሄዱ አልታየም ማለት ነው። ስለዚህ መንገዱን፣ ጥላውን፣ መቀመጫውንና መጸዳጃ ቤቱን ቅርጹ ሲታቀድ አብራችሁ አቅዱ። መግቢያውን በነጻ አድርጉት፣ አጥሩንም ዝቅ። የሲያትሉ በነጻ ነው የሚገባበት።

የመጨረሻው እንክብካቤ ነው። ተመርቆ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ የሚረሳው እሱ ነው። ነሐስ በየጊዜው ታጥቦ ሰም ይቀባል፤ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ቆዳውን መግፈፍ ነው። የሴራ ዓይነቱ ብረት ግን ዝገቱ ራሱ መከላከያው ነው። «ዛገ» ብላችሁ ቀለም እንዳትቀቡት። ሲሚንቶ ቅርጽ ውስጥ ያለው ፌሮ ወደ ላይ ከተጠጋ ውሃ አግኝቶት ይዝጋል፣ ያብጣል፣ ልስኑን ይፈነቅላል። ስንጥቅ እንደታየ ወዲያው ይደፈን። የዚህ ሁሉ ገንዘብና ባለሙያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በውሉ ላይ ይጻፍ፦ ማን እንደሚያጥብ፣ ማን ሰም እንደሚቀባ፣ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ማን እየዞረ እንደሚያይ።