ለቆየ ኮምፒውተር ርካሽ ግራፊክስ ካርድ ሲመርጡ
ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት የኮምፒውተሩን ክዳን ከፍተው ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያከፋፍለው ሳጥን) የሚወጡትን ገመዶች ይመልከቱ፤ ከቢሮ ወጥተው ለገበያ የሚቀርቡ ያገለገሉ ዴስክቶፖች ብዙውን ጊዜ ለካርድ የሚሆን የኃይል ገመድ ስለሌላቸው፣ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ በሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ብቻ መሥራት ይኖርበታል። ለዚህ ጂቲኤክስ 1650 የተባለው ካርድ ይስማማል፤ ሆኖም አንዳንዶቹ የ1650 ካርዶች ባለ 6 ፒን የኃይል ገመድ ስለሚፈልጉ የካርዱን ጠርዝ ሳያዩ አይክፈሉ። አርኤክስ 6400 የተባለው ካርድ ኃይል ቢቆጥብም በ4 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮች (ካርዱና ማዘርቦርዱ መረጃ የሚለዋወጡባቸው) ብቻ ስለሚገናኝ፣ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ እኔ ለቆየ ማሽን አልመርጠውም። ጂቲ 1030 የሚገዛ ሰው ደግሞ (ለጌም ሳይሆን ለፊልምና ለተጨማሪ ስክሪን ይበቃል) ጂዲዲአር5 ሜሞሪ ያለውን ይጠይቅ፤ በዚሁ ስም የሚሸጠው ባለ ዲዲአር4 ካርድ እጅግ ቀርፋፋ ነው። ኬዙ ቀጭን ከሆነ አጭር ቁመት ያለውን ካርድ፣ ከኬዙ ጀርባ ከሚያስረው አጭር ብረት ጋር ይግዙ።