በፓይተን ኢሜይል ሲልኩ ተቀባይ የሚያስቀሩ ስህተቶች

ፕሮግራሙ ያለ ምንም ስህተት ሠርቶ ጨርሷል፤ ከሦስቱ ተቀባዮች ግን ኢሜይሉ የደረሰው አንዱን ብቻ ነው። በኤስኤምቲፒሊብ (ኢሜይል በሚልከው የፓይተን ሞጁል) የሚሠራ ሰው ይህ ሲገጥመው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ስምና ፖስታው ላይ የተጻፈው አድራሻ አለመመሳሰላቸውን።

ኢሜይል የሚላክበት ደንብ የሆነው ኤስኤምቲፒ ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚይዛቸው። "ቱ" እና "ሲሲ" የሚባሉት ሄደሮች (የአናት መስመሮች) የደብዳቤው አካል ናቸው፤ ተቀባዩ ሲከፍት የሚያያቸው እነሱን ነው። ሰርቨሩ ግን የሚያደርሰው "አርሲፒቲ ቱ" በሚለው ትእዛዝ ለተነገረው አድራሻ ነው። ሄደሩ ላይ አሥር ሰው ተዘርዝሮ ፖስታው ላይ አንድ ብቻ ካለ፣ የሚደርሰው ለአንዱ ነው።

ብዙ አድራሻን በአንድ ስትሪንግ ማስገባት

የኤስኤምቲፒሊብ መላኪያ የሆነው ሴንድሜይል ሁለተኛው አርጉመንቱ፣ ማለትም የተቀባዮቹ አድራሻ፣ ሊስት መሆን አለበት። ስትሪንግ ቢሰጡትም አይከለክልም፤ አንድ አድራሻ እንደያዘ ሊስት ይቆጥረዋል። ሦስት አድራሻ በኮማ ተያይዞ ሲገባ የቆዩት የፓይተን ስሪቶች የመጀመሪያውን ያነሱና የቀሩትን ዝም ብለው ይተዋሉ። ደብዳቤው የደረሰው ሰው ሄደሩ ላይ የሁሉንም ስም ስለሚያይ ሌሎቹ እንዳልደረሳቸው ሊጠረጥር አይችልም። ከፓይተን 3.13 ጀምሮ የአድራሻ ትንተናው በነባሪ ጥብቅ ስለሆነ ጠቅላላው ስትሪንግ እንደ አንድ አድራሻ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፤ ሰርቨሩም አድራሻው ትክክል አይደለም ብሎ ይመልሰዋል። ፓይተንን ካሻሻሉ በኋላ ኮዱ "ተበላሸ" ከተባለ፣ ቀድሞም ሁለቱ ሰዎች አይደርሳቸውም ነበር ማለት ነው።

ለሴንድሜይል ሊስቱን ራሱን ይስጡ። ለሄደሩ ደግሞ ያንኑ ሊስት በጆይን በኮማ አያይዘው ይስጡ። ሄደሩ ላይ ሊስት ማስገባትም ስህተት ነው፤ ሜሴጅ በሚፈጥረው የቆየ ክላስ፣ በማይምቴክስት ላይ ግን "ሊስት ኢንኮድ የሚባል አትሪቢዩት የለውም" የሚል መልእክት ስለሚመጣ ወዲያው ይታወቃል።

በሉፕ ውስጥ "ቱ"ን ደጋግሞ መመደብ

የሰው አድራሻ ለማያውቀው ሰው ስለሚያጋልጥ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሜሴጁ ከሉፑ ውጪ ይፈጠራል፤ ከዚያ በየዙሩ ለ"ቱ" አዲስ አድራሻ ይመደባል። አጻጻፉ የዲክሽነሪ ስለሆነ አዲሱ የድሮውን የሚተካ ይመስላል። አይተካም። ማይምቴክስትና ማይምመልቲፓርት ሌላ "ቱ" ሄደር ከሥሩ ይጨምራሉ፤ ስለዚህ አምስተኛው ደንበኛ የሚደርሰው ደብዳቤ ከእሱ በፊት የነበሩትን የአራቱን አድራሻ የያዘ ነው። በራስዎ አንድ አድራሻ ብቻ ከሞከሩት ጭራሽ አይታይም፤ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ይሞክሩና ሁለተኛው የደረሰውን ደብዳቤ ሙሉ ምንጭ ይመልከቱ።

ኢሜይልሜሴጅ የሚባለው አዲሱ ክላስ ሁለተኛ "ቱ" ሲገባበት ቫልዩኤረር አውጥቶ ይቆማል። አዲስ ኮድ ሲጽፉ እሱን ይጠቀሙ። የድሮውን ኮድ መንካት ግድ ከሆነ ሜሴጁን በየዙሩ ሉፑ ውስጥ አዲስ ይፍጠሩ፣ ወይም ከመመደብዎ በፊት ሄደሩን በዴል ያጥፉት፤ ሄደሩ ባይኖርም ዴል ስህተት አያወጣም።

ቢሲሲን ሄደር ላይ ጽፎ በሴንድሜይል መላክ

ሴንድሜይል ሄደሮችን አያነብም። "ቢሲሲ" (ሌሎቹ ሳያዩት እንዲደርሰው) ብለው የጻፉት ሰው ሊስቱ ውስጥ ከሌለ አይደርሰውም፤ ስሙ ግን ሄደሩ ላይ ስላለ ሌሎቹ ሊያዩት ይችላሉ። ሌላው የኤስኤምቲፒሊብ መላኪያ፣ ሴንድ ሜሴጅ፣ ይህን በትክክል ይሠራል፦ ተቀባዮችን ከ"ቱ"፣ ከ"ሲሲ" እና ከ"ቢሲሲ" ይሰበስባል፤ ሲልክ "ቢሲሲ"ን ያወጣዋል። ተቀባዮችን ከሄደሮቹ የሚሰበስበው ግን የተቀባይ ሊስት ለብቻው ካልሰጡት ነው። ከሰጡት ሄደሮቹን ትቶ የሰጡትን ብቻ ይከተላል፤ "ሲሲ ያደረግኩት ሰው አልደረሰውም" የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

የሚመለሰውን ዲክሽነሪ አለማየት

ሴንድሜይልም ሴንድ ሜሴጅም ሰርቨሩ ያልተቀበላቸውን አድራሻዎች ከነኮዳቸው በዲክሽነሪ ይመልሳሉ። በተቀባይ መከልከል ምክንያት ኤክሴፕሽን የሚነሳው በአብዛኛው ሁሉም ተቀባዮች ሲከለከሉ ነው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ቢከለከሉ ትራይና ኤክሴፕት ምንም አይዙም። ዲክሽነሪውን ሎግ ላይ ይጻፉ። 550 ከሆነ ብዙ ጊዜ አድራሻው አይሠራም ማለት ነው፣ ደግመው አይላኩ። በ4 የሚጀምር ከሆነ ጊዜያዊ ነው፣ ቆይተው ይሞክሩ። 452 አንዳንዴ ተቀባዮቹ በዙ ማለት ነው፤ ደንቡ ሰርቨሮች ቢያንስ 100 ተቀባይ እንዲቀበሉ ስለሚያዝ በየ100 ወይም ከዚያ ባነሰ ይከፋፍሉ። ባዶ ዲክሽነሪ ማለትም ሰርቨሩ ተረከበ ማለት እንጂ ደብዳቤው ሳጥን ገባ ማለት አይደለም።

አድራሻን በኮማ መቁረጥ

"ግዢ ክፍል, አዳማ ቅርንጫፍ" የሚል ስም በጥቅስ ውስጥ ካለ፣ ስትሪንግን በኮማ የሚቆርጠው ስፕሊት ለሁለት ይገምሰዋል። አድራሻን ለማንበብ የፓይተንን ጌትአድሬስስ፣ ለመጻፍ ፎርማትአድርን ይጠቀሙ፤ ፎርማትአድር በአማርኛ ፊደል የተጻፈን ስምም በትክክል ኢንኮድ ያደርጋል። ተጠቃሚዎችዎ በአማርኛ ኪቦርድ የሚጽፉ ከሆነ በአድራሻዎቹ መካከል "፣" ማስገባታቸው አይቀርም። ፓይተን ይህን እንደ መለያ አያውቀውም፤ ከመተንተንዎ በፊት በተራው ኮማ ይተኩት። ከኤክሴል የተቀዳ አድራሻ ጫፍ ላይ የሚቀረውን አዲስ መስመርም በስትሪፕ ያጽዱ።

ፖስታውን ሳያዩ መገመት

ሴት ዲበግ ሌቭልን 1 ሲያደርጉ ከሰርቨሩ ጋር የሚደረገው ንግግር በሙሉ ይወጣል። "አርሲፒቲ ቱ" የሚሉትን መስመሮች ይቁጠሩ፤ ከጠበቁት ካነሱ ችግሩ ከኮድዎ ነው፣ እኩል ከሆኑ የሰርቨሩን መልስ ያንብቡ። ለሙከራ ለእውነተኛ ሰው አይላኩ፤ ኤአይኦኤስኤምቲፒዲ የተባለውን የሙከራ ሰርቨር በራስዎ ኮምፒውተር ያስነሱ፣ በነባሪ ፖርት 8025 ላይ ያዳምጣል። ለዚሁ ያገለግል የነበረው የድሮው ኤስኤምቲፒዲ ሞጁል ከ3.12 ጀምሮ ፓይተን ውስጥ የለም። የዲበግ ውጤቱን ለሰው ከማሳየትዎ በፊት ግን የሎግኢን መስመሮቹን ይሰርዙ፤ የይለፍ ቃሉ እዚያ ያለው ብዙ ጊዜ በቤዝ 64 ብቻ ስለሆነ ማንም ይፈታዋል።