«ጋ» ያሳሳተን «ባይ»

«ባይ» (bei) ትንሽ የጀርመንኛ ቃል ናት። ጀርመንኛ የሚማር ሐበሻ ግን ከሷ ጋር ሳይላተም አያልፍም። እኔ የተላተምኩባቸውን ልንገራችሁ።

ችግር፦ «ሐኪም ጋ እየሄድኩ ነው» ለማለት «ኢሽ ጌሄ ባይም አርጽት» ትላላችሁ። አስተማሪዋ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቷን ታጨማድዳለች።

ምክንያት፦ ጥፋተኛው የኛው «ጋ» ነው። አማርኛ «ሐኪም ጋ ነኝ» ይላል፤ «ሐኪም ጋ ልሄድ ነው»ም ይላል። ያው አንድ «ጋ» ለመሆንም ለመሄድም ያገለግላል። ጀርመንኛ ይለያቸዋል። እዚያ ከሆናችሁ «ባይ»፣ ገና እየሄዳችሁ ከሆነ «ጹ»።

መፍትሄ፦ ከመናገራችሁ በፊት «ጋ»ን አውጥታችሁ «ወደ» አስገቡ። «ወደ ሐኪም እየሄድኩ ነው» ያስኬዳል። ስለዚህ «ጹም አርጽት» (ጾሙን አይደለም፣ «ጹ» እና «ዴም» ተጣብቀው ነው)። «ወደ ሐኪም ነኝ» ግን አያስኬድም። ስለዚህ «ኢሽ ቢን ባይም አርጽት»። በሩር አካባቢ ያደጉ ጀርመኖች ራሳቸው አያታቸው ጋ ሲሄዱ «ባይ» ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። የሰፈር አነጋገር ነው፤ ፈተና ላይ እንዳትሞክሩት።

ችግር፦ ደብዳቤ አይደርሳችሁም።

ይሄኛው ከሰዋስው ይልቅ ኪስ ይነካል። አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስገባ ፖስታ ሳጥኑ ላይ ያለው የአከራዬ ስም ብቻ ነበር። የባንክ ካርዴ ሁለቴ ተመልሶ ሄደ። ጀርመን ውስጥ ፖስተኛው የሚፈልገው ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። አድራሻው ላይ የቤት ቁጥር የሚባለው የሕንፃው ነው፤ የኔን በር አይነግረውም። ያዳነኝ ከስሜ ሥር የጨመርኩት አንድ መስመር ነው፦ «ባይ ሙለር»። (አከራዬ ሙለር ይባላል እንበል።) ሙለር ቤት የሚኖር፣ እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ «ሚት» ብትሉ ሌላ ነገር ይሆናል። «ኢሽ ቮነ ሚት ማይነር ታንተ» ከአክስቴ ጋር አብረን እንኖራለን ነው። ቤቱ የማን እንደሆነ አይናገርም። «ባይ ማይነር ታንተ» ካላችሁ ግን ቤቱ የአክስቴ ነው፣ እኔ ተጠግቻለሁ። አማርኛም «አክስቴ ጋ» እና «ከአክስቴ ጋር» ብሎ ይለያል። ችግሩ ስንፈጥን «ር»ን እንውጣታለን። ጀርመንኛ ስትናገሩ በልባችሁ መልሷት። «ማይነ» ደግሞ «ማይነር» የሆነው ከ«ባይ» በኋላ ሁልጊዜ ዳቲቭ የሚሉት የሰዋስው ቅርጽ ስለሚመጣ ነው። ይህ ሕግ ለየት የሚል ነገር የለውም፤ መሸምደድ ብቻ።

ቀጣሪም እንዲሁ ነው። ባቡር ድርጅት የሚሠራ ሰው «ባይ ዴር ባን» ይላል።

ችግር፦ «በአውቶቡስ መጣሁ» ለማለት «ባይ ቡስ»። እንግሊዝኛው «ባይ ባስ» ከኛው «በ» ጋር ተባብሮ ነው የሚያሳስተን። ትክክሉ «ሚት ዴም ቡስ» ነው።

ችግር፦ አውራ ጎዳና ላይ የ80 ፍጥነት ገደብ ምልክት አለ። ከሥሩ ትንሽ ሰሌዳ «ባይ ኔሰ» ትላለች። ቦታም ሰውም የለም። «ጋ» እዚህ ምን ያደርጋል?

ምንም። ይህቺኛዋ «ባይ» የኛ «ሲ» ናት። መንገዱ ሲረጥብ 80፤ ሲደርቅ ይህ ገደብ አይመለከታችሁም። «ባይ ሮት» ቀይ ሲበራ፣ «ባይም ኮኸን» ሲያበስሉ ነው። ስልክ ተደውሎላችሁ «ኢሽ ቢን ባይም ኮኸን» ካላችሁ «እያበሰልኩ ነው» ብላችኋል።

የመድኃኒት ካርቶን ላይም «ባይ ፊበር» ይላል፤ ትኩሳት ሲኖር። ፋርማሲ ገብታችሁ መድኃኒቱን ስትጠይቁ ግን «ጌገን» በሉ። «ለራስ ምታት» የሚለውን ቃል በቃል «ፉር» ብላችሁ እንዳታዞሩት። «ጌገን» ተቃራኒ፣ ፀረ እንደማለት ነው። እኛ ለራስ ምታቱ መድኃኒት እንገዛለታለን፣ እነሱ ይዘምቱበታል።